ሣርም ይተከላል ወይ? ሽምብራና የአሜሪካው የጌጥ ሣር

አንድ ጎረቤት አሉኝ። ምንጃር ውስጥ ጤፍና ሽምብራ ሲያርሱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በመስከረም ወር፣ ልጃቸው ፎቶግራፍ በስልክ ላከችላቸው። ልጅቷ የምትኖረው አሜሪካ አገር፣ ሚኒሶታ በሚባለው ግዛት ነው። ፎቶግራፉ የቤቷን ጓሮ ያሳያል። ጓሮው ውስጥ ጎመን የለም። ቃሪያም የለም። የሞላው ሣር ብቻ ነው። ሣሩ ሲያብብ ሐምራዊ ጉም መሬት ላይ የተኛ ይመስላል።

ሽማግሌው ስልኩን አቅርበው አዩ። አርቀውም አዩ። ከዚያ ደወሉላት።

«ልጄ፣ ደህና ነሽ ወይ? ኧረ ጓሮሽን አረም ዋጠው! የሚያርምልሽ ሰው ጠፋ እንዴ?»

ልጅቷ ሳቀች። «አባባ፣ አረም አይደለም እኮ። ገዝቼ የተከልኩት ነው» አለቻቸው።

«ምኑን?»

«ሣሩን።»

ሽማግሌው ማታ እኔ ዘንድ መጡ። «ሣር በገንዘብ ተገዝቶ ይተከላል ወይ? ለከብት ነው እንዳልል ከብት የላት። ያችን መሬት ሽምብራ ብትዘራባት እሸት ትበላ አልነበረም?» ብለው ጠየቁኝ።

ጥያቄው የቀልድ ይመስላል። ነገር ግን ቀልድ አይደለም። ሽምብራ ምን ይሰጣል? ሣር ምን ይሰጣል? አንዱ የሚሰጠውን ሌላው ሊሰጥ ይችላል ወይ? ይህን ማወቅ ለእኛም ማሳ ይጠቅማል። ስለዚህ አንድ በአንድ እንየው።

መጀመሪያ ሣሩን እንወቀው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ሐምራዊ የፍቅር ሣር» ይሉታል። የሳይንስ ስሙ ኤራግሮስቲስ ስፔክታቢሊስ ነው። አሁን ልብ በሉ። የጤፍ የሳይንስ ስም ደግሞ ኤራግሮስቲስ ቴፍ ነው። የመጀመሪያው ቃል አንድ ነው። በሳይንስ ስም አሰጣጥ የመጀመሪያው ቃል የወገን ስም ነው፤ እንደ እኛ የአባት ስም ቁጠሩት። እንግዲህ ያ ሣር የጤፍ ወንድም ነው ማለት ነው። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ «ወይ ጉድ! የጤፍን ወንድም ነው አረም ያልኩት?» አሉ።

ወንድማማቾች ቢሆኑም ጠባያቸው ለየቅል ነው። ጤፍ በየዓመቱ ይዘራል፣ ይታጨዳል፣ ያልቃል። ያኛው አንዴ ከተተከለ ከሥሩ እያቆጠቆጠ ለዓመታት ይኖራል። ቁመቱ ከጉልበት አይበልጥም። በነሐሴና በመስከረም ያብባል። ብርድ ሲመጣ ይደርቅና የገለባ መልክ ይይዛል። ዘለላው ሲደርቅ ከአገዳው ይቆረጥና በነፋስ እየተንከባለለ ይሄዳል፤ ፍሬውንም በየመንገዱ ይበትናል። ጤፍ ግን ይህን ያህል አይበትንም። ለምን? አባቶቻችንና እናቶቻችን ለብዙ ሺህ ዓመታት ፍሬውን ይዞ የሚቆየውን እየመረጡ ስለዘሩት ነው። ያኛውን ሣር ለእህል ብሎ የመረጠው ሰው የለም። ፍሬው እንደ ጤፍ ደቃቅ ነው፤ የሚለቅመው ወፍ ነው።

ታዲያ ሰዎቹ ስለ ምን ይተክሉታል? ለጌጥ ነው፤ እውነት ነው። ግን ከጌጥ በፊት ታሪክ አለው። ታሪኩ ደግሞ የእርሻ ታሪክ ነው።

በሰሜን አሜሪካ መካከል ፕሬሪ የሚባል አገር አለ። ፕሬሪ ማለት ዛፍ የሌለበት፣ ዓይን የማይጨርሰው የሣር ሜዳ ነው። በምሥራቁ በኩል ያለው ሣር ከሰው ቁመት ይበልጥ ነበር። የአንዳንዱ ሣር ሥር ወደ መሬት 2 ሜትርና ከዚያም በላይ ይወርዳል። ከላይ ከሚታየው ይልቅ ከመሬት በታች ያለው ይበዛል ማለት ነው። ከሥሩ ከፊሉ በየዓመቱ ይሞታል፣ ይበሰብሳል፣ በምትኩ ሌላ ይበቅላል። እንዲህ እየሆነ በሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት ጥቁር፣ ወፍራም፣ ለም አፈር ተፈጠረ።

የመጡት ሰፋሪዎች ይህን መሬት ማረስ አቃታቸው። ሥሩ እንደ ገመድ የተጠላለፈ ነው። አፈሩ ማረሻው ላይ ይጣበቃል። በየጥቂት እርምጃው ቆመው ማረሻቸውን መፋቅ ነበረባቸው። የእኛን ዋልካ በክረምት ያረሰ ሰው ይህን ሲሰማ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1837 ጆን ዲር የሚባል አንጥረኛ በኢሊኖይ ግዛት የተወለወለ የብረት ማረሻ ሠራ። ጭቃው አልጣበቀበትም። ከዚያ በኋላ ሣሩ ተገለበጠ። ስንዴና በቆሎ ተዘራ። ምርቱ ብዙ ነበር። ዛሬ ያ ረጅም ሣር ከነበረበት መሬት ሣሩ ያልተነካው ከ100 እጅ 4 እጅ እንኳ አይሞላም።

በምዕራቡ በኩል ዝናብ ያነሰበት ሜዳ አለ። እዚያም ሣሩን ገልብጠው ስንዴ ዘሩ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ድርቅ መጣ። ስንዴው ጠፋ። አፈሩን የሚይዝ ሥር አልነበረም። ነፋስ አፈሩን አነሣው። አቧራው ሰማይ ላይ እንደ ተራራ ቆመ። በግንቦት ወር 1934 (እ.ኤ.አ.) አቧራው ከሩቁ ሜዳ ተነሥቶ ኒውዮርክና ዋሽንግተን ደረሰ። ሚያዝያ 14 ቀን 1935 (እ.ኤ.አ.) እሑድ ነበር። የዚያን ቀን በኦክላሆማና በቴክሳስ አካባቢ ቀኑ እንደ ሌሊት ጨለመ። «ጥቁር እሑድ» ብለው ይጠሩታል። ብዙ ገበሬ ቤቱን ጥሎ ተሰደደ። በዚያው ወር የአገሪቱ ምክር ቤት አፈርን የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት የሚያቋቁም ሕግ አወጣ። ሣር እንደገና መዝራት ተጀመረ። ከተዘሩት ሣሮች አንዱ ከአፍሪካ የተወሰደ ነው፤ እሱም የጤፍ ወገን ነው።

ይህን ስነግራቸው ሽማግሌው «መሬታቸው ተነሥቶ ሄደ በለኛ» አሉ። አዎ፣ ተነሥቶ ሄደ።

እንግዲህ ዛሬ በሚኒሶታ አንዳንድ ሰው በጓሮው የፕሬሪ ሣር የሚተክለው አንድም ለዓይን ስለሚያምር፣ አንድም የጠፋውን ሜዳ በትንሹ ለማቆየት ነው። ሥራም አያበዛም። ከያዘ በኋላ ውኃ ብዙ አይፈልግም። ማዳበሪያ አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ማዳበሪያ ሲበዛበት ይጋደማል። በየሳምንቱ አይታጨድም። በዓመት አንድ ጊዜ፣ የብርዱ ወራት ሲያበቃ፣ ደረቁን መቁረጥ ይበቃዋል። አሸዋማና ደረቅ መሬት ይስማማዋል። ውኃ የሚተኛበት መሬት ግን አይወድም።

አሁን ወደ ሽምብራ እንምጣ። ሽምብራን ለእናንተ ማስተማር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ቢሆንም ከመሬት በታች የሚሠራውን ሥራ ሁሉም ሰው አላየውም።

አየር ውስጥ ናይትሮጅን የሚባል ነገር አለ። ከ100 እጅ አየር 78 እጁ ናይትሮጅን ነው። ሰብል ያለ ናይትሮጅን አያድግም፤ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ዩሪያ ብለን የምንገዛውም ናይትሮጅን ያለበት ማዳበሪያ ነው። ነገር ግን ጤፍም፣ ስንዴም፣ ያ የጌጥ ሣርም ከአየር ሊወስዱት አይችሉም። ገንዘብ የሞላበት ሣጥን አጠገብ ተቀምጦ ቁልፍ እንደሌለው ሰው ናቸው። ሽምብራ ግን ቁልፍ ያለው ጓደኛ አለው። ጓደኛው በዓይን የማይታይ ረቂቅ ተሕዋስ ነው። ይህ ተሕዋስ ሽምብራው ሥር ላይ እንደ ዕጢ ያለ ጉብታ ይሠራል። እዚያ ተቀምጦ የአየሩን ናይትሮጅን ለሽምብራው ያበላዋል። ሽምብራው በፈንታው ስኳር ያበላዋል። የቤት ኪራይ በሉት።

ይህን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ሽምብራው ሲያብብ አንዱን እግር ዙሪያውን ቆፍራችሁ አውጡ። ጎትታችሁ አትንቀሉት፤ ጉብታው ይረግፋል። ሥሩን በውኃ እጠቡት። ጉብታውን በጥፍራችሁ ሰንጥቁት። ውስጡ ቀላ ያለ ከሆነ ሥራ ላይ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይሠራም። ጉብታ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ተሕዋሱ መሬታችሁ ውስጥ የለም፣ ወይም አንሷል ማለት ነው። ለዚህ ሕያው ማዳበሪያ የሚባል አለ፤ በዱቄት መልክ በከረጢት ይመጣል። ለሽምብራ የተዘጋጀው ለሽምብራ ብቻ ነው፤ የባቄላው አይሆንም። በጥላ ሥር ከዘሩ ጋር ይለወሳል፤ በዚያው ቀን ተዘርቶ አፈር ይለብሳል። ፀሐይ ላይ ከዋለ ተሕዋሱ ይሞታል፤ የለወሳችሁት ጥቁር ዱቄት ብቻ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ እንነጋገር። «ሽምብራ መሬት ያሰባል» ሲባል ሁሉም ናይትሮጅን መሬት ውስጥ ይቀራል ማለት አይደለም። አብዛኛው ፍሬው ውስጥ ገብቶ ወደ ጎተራ ይሄዳል። ለሚቀጥለው ጤፍ የሚተርፈው ሥሩና የረገፈው ቅጠል ነው። ስለዚህ ሽምብራውን ከነሥሩ ነቅሎ ወደ አውድማ መውሰድ የመሬቱን ድርሻ መውሰድ ነው። በማጭድ ከሥሩ በላይ ቢታጨድ ይሻላል። ወገብ እንደሚያደክም አውቃለሁ። ሁሉም ሰው አያደርገውም። ግን ምክንያቱን አውቆ መተው ሳያውቁ ከመተው ይለያል።

ስለ ምግብነቱ ብዙ አልናገርም። ከ100 ግራም ደረቅ ሽምብራ 20 ግራም ገደማው ሰውነት ገንቢ ፕሮቲን ነው። ጤፍ የዚህን ግማሽ ያህል ነው ያለው። እንጀራና ሽሮ አብረው ሲበሉ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። ለጾምም የሽምብራ ዓሣ አለ። ሽሮ ሲዘጋጅ ግን ጓያ በብዛት እንዳይደባለቅበት። ጓያን ለወራት ዋነኛ ምግብ ያደረገ ሰው እግሩ ሊሽመደመድ ይችላል፤ የተሽመደመደ እግር ደግሞ አይድንም።

እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን እናቁማቸው። ሽምብራ ሆድ ይሞላል፣ ገበያ ይወጣል፣ ለጤፉ ጥቂት ናይትሮጅን ይተዋል። በአራት ወር ገደማ ይደርሳል። ነገር ግን አፈር መያዝ ላይ ደካማ ነው። ሣሩ አያበላም፣ አይሸጥም። ከአየር ናይትሮጅን አያመጣም። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ መሬቱን አይለቅም። ሥሩ ዝናብ ሲመጣም፣ ነፋስ ሲመጣም እዚያው ነው።

የእኛ ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው። ሽምብራ የሚዘራው መቼ ነው? በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም፣ ዋልካው የጠጣውን ውኃ ይዞ ሲቀር ነው። ታዲያ በሐምሌ መሬቱ ምን ለብሷል? ምንም። ታርሶ፣ ራቁቱን፣ ዝናቡን ይጠብቃል። ያ ኃይለኛ ዝናብ የሚወርደው በራቁት መሬት ላይ ነው። ጎርፉ ጥቁሩን አፈር ይዞ ወደ ወንዝ ይሄዳል። ሽምብራው የሚዘራው ከተረፈው ላይ ነው። አሜሪካኖቹን ነፋስ ዘረፋቸው፤ እኛን ውኃ ይዘርፈናል።

ሽማግሌው ይህን የሚያውቁት ከእኔ አይደለም። ከሽምብራ ማሳቸው ግርጌ ቦረቦር አለ። በወጣትነታቸው በአንድ እግር የሚዘሉት ቦይ ነበር አሉኝ። ዛሬ በሬ ቢገባበት ቀንዱ አይታይም። በየክረምቱ ከማሳው አንድ ክንድ፣ አንዳንዴም ሁለት ክንድ ይበላል። ልጃቸው ከመሄዷ በፊት ሽምብራ እሸት ትለቅምበት የነበረው ጥግ ዛሬ የለም።

«ታዲያ ልጅቷ ሣሩን ትላክልኛ! ቦረቦሩ አፍ ላይ ልትከለው» አሉ።

ይህ ግን አይሆንም። ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛ፣ ሣሩ የጤፍ ወንድም ነው። ፍሬው እንደ ጤፍ ደቃቅ ነው፤ ዘለላው በነፋስ ይንከባለላል። ጤፍ ማሳ ውስጥ ቢገባ ከጤፉ ቡቃያ ለይቶ ማረም ከባድ ነው። ዘሩም ከጤፍ ጋር ከተደባለቀ በወንፊት አይለይም። ሁለተኛ፣ ከውጭ የሚመጣ ተክል አዲስ አገር ሲገባ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ አይታወቅም። እምቦጭን አስታውሱ። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ተክል ነው። አበባው ስለሚያምር ሰዎች ለጌጥ ከአገር አገር አዞሩት። ጣና ሐይቅ ላይ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ታየ፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ሺህ ገበሬ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ከርሟል። ያም አንድ ቀን የአንድ ሰው ጌጥ ነበር። ዘር ያለ ምርመራ ድንበር ማሻገርም በሕግ የተከለከለ ነው፤ እዚህም እዚያም።

ደግሞስ ከሩቅ ለምን እንፈልጋለን? በእጃችን ያሉ ሣሮች አሉ። ደሾ ሣር የአገራችን ነው። ግንዱን ከፋፍሎ በእርከን ላይ በመስመር መትከል ነው፤ አፈር ይይዛል፣ ታጭዶም ለከብት ይሆናል። ቬቲቨር ሣርን ከብት እምብዛም አይወደውም፤ ግን ሥሩ ቀጥ ብሎ 2 እና 3 ሜትር ይወርዳል፣ ውኃ የሚተኛበት ዋልካም ይችላል። የምንተክለው ቬቲቨር የሚበቅል ዘር ስለማይሰጥ ወደ ማሳው አይዛመትም። ሰርዶ አፈር በመያዝ ማንም አይስተካከለውም፤ ማሳ ጫፍ ላይ የተከለው ሰው ግን ልጅ ልጁ ሲነቅለው ይኖራል። ስለዚህ ሰርዶን ለቦረቦሩ ውስጥ ተዉት። የትኛው ሣር ለየትኛው መሬት እንደሚሻል የቀበሌውን የግብርና ሠራተኛ ጠይቁ፤ ችግኙም ብዙ ጊዜ በጣቢያው ይገኛል።

ራቁቱን መሬት ለማልበስ ሌላም መንገድ አለ። ውኃው በመደብና በፈሰስ ከተንጣፈፈ ሽምብራ ቀደም ብሎ፣ በነሐሴ አጋማሽ፣ ሊዘራ ይችላል። ቀድሞ ከተዘራ እርጥበቱን በደንብ ይጠቀማል፣ አፈሩንም ቶሎ ይሸፍናል። ነገር ግን ውኃ ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል፣ ያጠወልጋል። በሽታ የሚችል ዘር መምረጥ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በምንጃር ከተማ ስም የተሰየመው «አረርቲ» የሚባለው የሽምብራ ዝርያ አለ፤ «ሀብሩ»ም አለ። በመስመር ከሆነ በመስመርና በመስመር መካከል 30 ሳንቲ ሜትር፣ በእግርና በእግር መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ይበቃል።

ሽማግሌው ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ቦረቦሩ አፍ ላይ ቬቲቨር በሁለት መስመር ተከሉ። ከዚያ ከፍ ብሎ ደሾ ተከሉ። ለዚህ ሲሉ ከሽምብራው መሬት ሁለት ክንድ ያህል ለቀቁ። ቅር ብሏቸዋል። «ቦረቦሩ በነጻ ሲወስድ ዝም ያልኩትን፣ ለሣር ስሰጥ ነደደኝ» አሉኝ። የአንድ ጎረቤት ጥጃ ገብታ ደሾውን ስለጋጠች እንደገና መትከል ነበረባቸው። ለጊዜው ከብት እንዳይገባ አጥር ያስፈልጋል፤ ይህን አስቀድመን አለማሰባችን የእኔም ጥፋት ነው።

ልጅቷም የአባቷን ነገር አልናቀችም። የፍቅር ሣሩን አልነቀለችውም፤ አጠገቡ ባዶ የነበረውን መደብ ቆፈረች። ሽምብራ ከአገር ቤት አላስላከችም። ከሕንድ ሱቅ ቡናማውን ትንሹን ሽምብራ ከነቅርፊቱ ገዛች። ክክ ወይም የተቆላ አይበቅልምና ጥሬውን መርጣ ነው። ሚኒሶታ ክረምቱ በረዶ ስለሆነ የዘራችው በግንቦት መጀመሪያ ነው። ግማሹን ጥንቸል በላባት። የቀረው አበበ፣ አፈራም። በነሐሴ ወር ለአባቷ ሌላ ፎቶግራፍ ላከች። ሁለት ልጆቿ መደቡ ዳር ተቀምጠው እሸት ይፈለፍላሉ። ከኋላቸው ሐምራዊው ሣር ማበብ ጀምሯል። ትንሹ ልጅ የሽምብራውን ቅጠል ልሶ ፊቱን አጨማዶታል፤ ቅጠሉ ኮምጣጣ መሆኑን ማንም አልነገረውም።

ሽማግሌው ፎቶግራፉን ለመንደሩ ሁሉ አሳዩ። አሁን የሚጠይቁት ሌላ ነገር ነው። «ሥሩን አይታዋለች ወይ? ጉብታው ቀይ ነው ነጭ? ያ አገር ተሕዋሱ ላይኖር ይችላል እኮ» ይላሉ። ልጅቷ ዘንድሮ በአበባው ጊዜ አንድ እግር ቆፍራ ልታየው ቃል ገብታለች።